አንባቢው የሚያስተካክለው ገጽ፦ በአማርኛ ድረ ገጾች ላይ የእይታና የጽሑፍ ምርጫዎች

መግቢያ

እይታው የደከመ አንድ ተማሪ የምዝገባ ማስታወቂያ ለማንበብ በስልኩ አንድ ድረ ገጽ ይከፍታል እንበል። ማስታወቂያው በቀጭን ፊደልና በፈዛዛ ግራጫ ቀለም ተጽፏል። ተማሪው ሁለት ጣቶቹን በስልኩ መስታወት ላይ ከፈት አድርጎ ጽሑፉን ለማጉላት ቢሞክርም ገጹ አይታዘዝለትም፤ ሠሪው ማጉላትን ዘግቶታልና። ሁለተኛ ገጽ ይሞክራል። ይህኛው ይታዘዛል፤ ነገር ግን ፊደሉ ሲያድግ መስመሩ ከስክሪኑ ጠርዝ አልፎ ስለሚሄድ አንዱን ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ ገጹን ደጋግሞ ወደ ቀኝና ወደ ግራ መጎተት ግድ ይሆንበታል። በሦስተኛው ገጽ ላይ ያገኘው ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ፎቶግራፍ ነው፤ ሲያጎላው ይደበዝዛል። በመጨረሻ የምዝገባው ቀን መቼ እንደሆነ ሰው ይጠይቃል፤ የጠየቀው ሰው ከተሳሳተ ደግሞ ቀኑ ያልፈዋል።

የተማሪውን ዓይን ድረ ገጽ ሠሪ አያድነውም። ሦስቱ መሰናክሎች ግን በሠሪ ውሳኔ የመጡ ናቸው፤ በሠሪ ውሳኔም ይወገዳሉ። ይህ አጭር ጽሑፍ አንባቢ የፊደሉን መጠን፣ የቀለሙን ንጽጽርና የመስመሩን ርቀት ለዓይኑ በሚስማማ መንገድ እንዲያስተካክል የሚያስችሉ አሠራሮችን ያብራራል፤ በተለይም በግዕዝ ፊደል ለሚቀርብ ጽሑፍ ምን ትርጉም እንዳላቸው ይመረምራል። የጽሑፉ ዋና ሐሳብ የሚከተለው ነው፦ በገጽ ላይ የሚቀመጥ የማስተካከያ ቁልፍ ዋጋ የሚኖረው ከበታቹ ያለው ጽሑፍ ለመስተካከል ዝግጁ ሆኖ ሲሠራ ብቻ ነው። ያ ዝግጅት ከሌለ ቁልፉ ጌጥ ነው፤ ዝግጅቱ ካለ ደግሞ አብዛኛው ሥራ ያለ ቁልፉም ተሠርቷል።

ምርጫው ለማን ያስፈልጋል?

ስለ ድረ ገጽ ተደራሽነት ሲነሣ ቀድሞ ወደ አእምሮ የሚመጣው ጽሑፍን ወደ ድምፅ በሚለውጥ ሶፍትዌር፣ ማለትም በስክሪን ሪደር፣ የሚጠቀም ዓይነ ስውር ነው። ይህ ተጠቃሚ ፈጽሞ ሊዘነጋ አይገባውም። ሆኖም ከእርሱ በቁጥር የሚበልጥ ሌላ ወገን አለ። እ.ኤ.አ. በ2005/06 በኢትዮጵያ የተካሄደው ብሔራዊ የዓይነ ስውርነትና የዝቅተኛ እይታ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር፣ 3.7 በመቶው ደግሞ ዝቅተኛ እይታ ያለው መሆኑን አሳይቷል። በሌላ አነጋገር፣ ለአንድ ዓይነ ስውር ሰው በቀረው እይታው የሚኖሩ ከሁለት የሚበልጡ ሰዎች ይገኛሉ ማለት ነው። ለእነዚህ ሰዎች በማንበብና ባለማንበብ መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ የፊደል መጠንና የቀለም ጉዳይ ይሆናል።

ዝቅተኛ እይታ የምንለው ነገር ግን አንድ ዓይነት አይደለም። በዚያው ጥናት ከዓይነ ስውርነት መንስኤዎች ግማሽ ያህሉን የያዘው የዓይን ሞራ፣ ገና እይታን ሙሉ በሙሉ ባልጋረደበት ጊዜ ብርሃንን ይበትናል፤ ስለዚህ ብሩህ ነጭ መደብ ዓይን ያንጸባርቅበታል፣ ጥቁር መደብ ላይ ያረፈ ነጭ ጽሑፍ ይቀለዋል። ብርሃን በትክክል በማያርፍበት ዓይን ደግሞ ተቃራኒው ሊሆን ይችላል፤ በጥቁር መደብ ላይ ያለ ነጭ ፊደል ዙሪያው ተሰራጭቶ ይታያል። በግላኮማ ምክንያት የእይታ መስኩ የጠበበ ሰው ፊደል እጅግ ከገዘፈበት በአንድ ጊዜ የሚያየው የቃል ብዛት ስለሚቀንስ ይቸገራል። ዕድሜው 40 ዓመት አካባቢ ሲደርስ ቅርቡን ማንበብ የሚያዳግተው ሰው ጥቂት ማጉላት ይበቃዋል። በማንበብ ሂደት ፊደላት የሚምታቱበት አንባቢ ከመጠኑ ይልቅ የመስመርና የቃላት ርቀት ይረዳዋል። በቀትር ፀሐይ ታክሲ ተራ ቆሞ ስልኩን የሚመለከት ጤናማ ዓይን ያለው ሰው እንኳ ፈዛዛ ጽሑፍ አይታየውም።

ከዚህ የምንረዳው ለሁሉም የሚስማማ አንድ የተሻለ ገጽታ አለመኖሩን ነው። ለአንዱ መድኃኒት የሆነው ለሌላው እንቅፋት ይሆናል። የማስተካከያ ምርጫ አስፈላጊነትም የሚመነጨው ከዚህ ነው፤ ሠሪው የአንባቢውን ዓይን ስለማያውቅ ውሳኔውን ለአንባቢው መተው አለበት።

መመሪያው ምን ይጠይቃል?

ለድረ ገጾች ዓለም አቀፍ ደረጃዎችን የሚያወጣው እ.ኤ.አ. በ1994 የተመሠረተው ወርልድ ዋይድ ዌብ ኮንሰርቲየም ነው። የመጀመሪያው የድረ ገጽ ይዘት ተደራሽነት መመሪያ እ.ኤ.አ. በ1999 ወጣ፤ 2.0 የተባለው እትም በ2008፣ 2.1 በ2018፣ 2.2 ደግሞ በ2023 ተከትለዋል። መመሪያው ይዘት ሊታይ ወይም ሊሰማ፣ ሊሠራበት፣ ሊገባ፣ እንዲሁም በልዩ ልዩ መሣሪያዎች ላይ ሳይሰናከል ሊነበብ ይገባል በሚሉ አራት መርሖች ላይ የቆመ ነው። መስፈርቶቹ በሦስት ደረጃ ይከፈላሉ፤ የአገሮች ሕጎች በአብዛኛው የሚጠይቁት ደብል ኤ የተባለውን መካከለኛ ደረጃ ነው። በዚህ ደረጃ ውስጥ ከማስተካከያ ምርጫ ጋር በቀጥታ የሚገናኙ አራት መስፈርቶች አሉ።

የመጀመሪያው የፊደል መጠን ነው። ጽሑፉ ይዘት ሳይጠፋበትና አገልግሎት ሳይስተጓጎል እስከ 200 በመቶ፣ ማለትም እስከ እጥፍ፣ ሊያድግ መቻል አለበት። ሁለተኛው የመስመር መታጠፍ ነው። ጽሑፉ 320 ፒክሰል ስፋት ባለው ቦታ ውስጥ ሲቀርብ መስመሮቹ ራሳቸውን አጥፈው ወደ ታች መውረድ እንጂ አንባቢውን ወደ ጎን ማስጎተት አይገባቸውም። ይህ ቁጥር የመጣው 1280 ፒክሰል ስፋት ያለውን የኮምፒውተር ስክሪን 400 በመቶ ስናጎላው የሚቀረን ስፋት 320 ስለሆነ ነው። ያም የአንድ ጠባብ ስልክ ስፋት ነው። እንግዲህ ለስልክ በሚገባ የተሠራ ገጽ ዝቅተኛ እይታ ላለው የኮምፒውተር ተጠቃሚ የሚያስፈልገውን ሥራ አብዛኛውን አከናውኗል።

ሦስተኛው መስፈርት የርቀት ነው። አንባቢው የመስመሮችን ርቀት የፊደሉን መጠን 1.5 እጥፍ፣ በአንቀጾች መካከል ያለውን 2 እጥፍ፣ በፊደላት መካከል ያለውን 0.12 እጥፍ፣ በቃላት መካከል ያለውን 0.16 እጥፍ ቢያደርግ ከይዘቱ ምንም መቆረጥ የለበትም። ለምሳሌ ፊደሉ 16 ፒክሰል ቢሆን የመስመሩ ርቀት 24፣ የአንቀጹ 32 ይሆናል። መስፈርቱ ሠሪው እነዚህን ርቀቶች ራሱ እንዲጠቀም አያስገድድም፤ አንባቢው ሲጠቀምባቸው ገጹ እንዳይፈርስ ብቻ ይጠይቃል። አራተኛው መስፈርት የቀለም ንጽጽር ስለሆነ ለብቻው እናየዋለን።

ቀለም በቁጥር ሲለካ

ንጽጽር በጽሑፉና በመደቡ መካከል ያለው የብርሃን ልዩነት ነው። የሚለካውም የብሩሁን ቀለም የብርሃን መጠን ለጨለማው ቀለም የብርሃን መጠን በማካፈል ነው፤ ከማካፈሉ በፊት በሁለቱም ላይ 0.05 ይጨመራል። ውጤቱ ከ1 እስከ 21 ይደርሳል፤ 1 ማለት ፈጽሞ ልዩነት የለም፣ 21 ማለት ደግሞ ጥቁር በነጭ ላይ ማለት ነው። ለተራ ጽሑፍ ዝቅተኛው መስፈርት 4.5 ለ1፣ ለትልቅ ጽሑፍ 3 ለ1 ሲሆን ከፍተኛው ደረጃ ለተራ ጽሑፍ 7 ለ1 ይጠይቃል።

ይህን ስሌት በተለመዱ ቀለሞች ላይ ብንሞክረው ዓይናችን ያልጠረጠረው ነገር ይገለጻል። ብዙ ዲዛይነሮች የሚወዱት ፈዛዛ ግራጫ፣ የብርሃን እርከኑ ከ255 ውስጥ 153 የሆነው፣ በነጭ መደብ ላይ 2.85 ብቻ ያገኛል፤ ማለትም መስፈርቱን ይወድቃል። ግራጫው እስከ 118 እርከን ሲጠቁር 4.54 ላይ ደርሶ ለጥቂት ያልፋል። ንጹሕ ቢጫ ጽሑፍ በነጭ መደብ ላይ 1.07 ነው፤ ከባዶ ገጽ ብዙም አይለይም። ያው ቢጫ መደብ ሆኖ ጥቁር ጽሑፍ ቢያርፍበት ግን 19.56 ይሆናል። ንጹሕ ቀይ ጽሑፍ እርከኑ 128 በሆነ አረንጓዴ መደብ ላይ 1.28 ብቻ ነው፤ ቀይና አረንጓዴን ለመለየት ለሚቸገር ዓይን ደግሞ የቀለሙ ልዩነት ራሱ አይረዳውም። የሰንደቅ ዓላማችንን ቀለማት በገጽ ላይ ማዋል ስንወድ ይህን ማስታወስ ይገባል፤ ቀለማቱ ለጌጥ ጎን ለጎን ሊቆሙ ይችላሉ፣ አንዱ በሌላው ላይ ጽሑፍ ሲሆን ግን መለካት አለበት።

የግዕዝ ፊደል ጠባይ

መመሪያዎቹ የተጻፉት በአመዛኙ ከላቲን ፊደል ልምድ ተነሥተው ነው። የግዕዝ ፊደል የራሱ ጠባይ ስላለው ቁጥሮቹን እንዳሉ መቀበል ብቻ አይበቃም።

በፊደላችን የአናባቢው ለውጥ የሚገለጸው በዋናው ቅርጽ ላይ በምትጨመር ትንሽ ምልክት ነው። «ቤቱ» እና «ቤቴ» የሚለዩት በአንዲት ጭረትና በአንዲት ቀለበት ነው፤ አንዱ የሌላ ሰው ቤት፣ ሌላው የራሴ ቤት ነው። «ይከፍላል» እና «ይከፈላል» በአንድ ፊደል ላይ ባለች ምልክት ይለያያሉ፤ በአንደኛው ሰውዬው ገንዘብ ይሰጣል፣ በሁለተኛው ገንዘብ ይሰጠዋል። በክፍያ ወይም በውል ማስታወቂያ ላይ ይህችን ምልክት ያላየ አንባቢ የነገሩን ግማሽ አላየም ሊባል ይችላል። ስለዚህ ለላቲን ጽሑፍ የሚበቃ መጠን ለአማርኛ ላይበቃ እንደሚችል ማሰብና የአማርኛውን መነሻ መጠን ከፍ ማድረግ ተገቢ ነው። ቀጭን የፎንት ዓይነትም ለዋና ጽሑፍ አይመረጥም፤ መጀመሪያ የምትጠፋው ያችው ጭረት ናት።

ሁለተኛው ጠባይ የመስመር ጥግግት ነው። በላቲን ጽሑፍ ከመስመር ወጣ ብለው ወደ ላይና ወደ ታች የሚዘልቁ ትንንሽ ፊደላት በመስመሮች መካከል ባዶ ቦታ ይተዋሉ። የግዕዝ ፊደላት ግን አብዛኞቹ የመስመሩን ከፍታ ከታች እስከ ላይ ይሞሉታል። በዚህም ምክንያት የመስመሮች ርቀት ሲጠብብ ገጹ አንድ ጥቁር ግድግዳ ይመስላል፤ ዓይንም ከአንዱ መስመር መጨረሻ ወደ ቀጣዩ መስመር መጀመሪያ ሲመለስ ይስታል። የመስመር ርቀት ምርጫ ለአማርኛ አንባቢ ከሌላው ይበልጥ የሚጠቅመው በዚህ ምክንያት ነው። የጥንቱ ሁለት ነጥብ ቃልን ከቃል ይለይ ነበር፤ ዛሬ ያንን ሥራ የሚሠራው ባዶ ቦታ ብቻ ስለሆነ የቃላት ርቀትም ቸል ሊባል አይገባም።

ሦስተኛ፣ ከውጭ ተገልብጠው የሚመጡ አንዳንድ ምርጫዎች ለእኛ ፊደል ትርጉም የላቸውም። ጽሑፉን ሁሉ በትልልቅ ፊደላት የመጻፍ ምርጫ ትልቅና ትንሽ ቅርጽ በሌለው ፊደል ላይ ምንም አይሠራም። ለላቲን ብቻ የተዘጋጀ «ለንባብ የሚቀል» ፎንትም በአማርኛ ጽሑፍ ላይ ለውጥ አያመጣም፤ ብራውዘሩ የጎደለውን ፊደል ከሌላ ፎንት ይተካዋልና። አንባቢው ቁልፉን ተጭኖ ምንም ሳይለወጥ ሲቀር ጥፋቱን በራሱ ላይ ያያል። ከዚህ ይልቅ የግዕዝ ፊደልን ከሚይዙ ፎንቶች፣ ለምሳሌ ከኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም ከአቢሲኒካ፣ ሁለት የተለያየ ውፍረትና ቅርጽ ያላቸውን ማቅረብ ይጠቅማል።

የጽሑፍ ሳጥኖችም ጥንቃቄ ይሻሉ። በእንግሊዝኛ ቃል ልክ ተለክቶ ቁመቱ የተቆረጠ ቁልፍ የአማርኛው ትርጉም ሲገባበት፣ በተለይም ፊደሉ ሲጎላ፣ ጽሑፉን ይቆርጠዋል። የሳጥን ቁመት በይዘቱ ልክ እንዲያድግ መተው ቀላሉ መፍትሔ ነው።

ጽሑፍ ወይስ የጽሑፍ ሥዕል?

ከዚህ በላይ የተባለው ሁሉ የሚሠራው ጽሑፉ በእርግጥ ጽሑፍ ሲሆን ነው። በአገራችን ማስታወቂያን በወረቀት አትሞ፣ አስፈርሞና ማኅተም አሳርፎ፣ ፎቶግራፉን ወይም የስካን ቅጂውን በድረ ገጽ ወይም በቴሌግራም መልቀቅ የተለመደ ነው። ልማዱ ምክንያት አለው፤ ማኅተሙ የእውነተኛነት ምስክር ነው። ነገር ግን ሥዕል ሲጎላ ይደበዝዛል፤ መስመሩ አይታጠፍም፤ ቀለሙና ርቀቱ አይለወጥም፤ በፍለጋ አይገኝም፤ ስክሪን ሪደርም የሚያነበው ነገር አያገኝበትም። መመሪያውም ጽሑፍ በሥዕል መልክ እንዳይቀርብ በግልጽ ይጠይቃል። መፍትሔው ማኅተሙን መተው ሳይሆን ሙሉውን ጽሑፍ በገጹ ላይ ጽፎ የወረቀቱን ቅጂ ከሥሩ ማያያዝ ነው።

ይህ አሠራር የኢንተርኔት ወጪንም ይቀንሳል። በዛሬው የዩኒኮድ አጻጻፍ አንድ የግዕዝ ፊደል ብዙውን ጊዜ 3 ባይት ይይዛል፤ ስለዚህ 2000 ፊደላት ያሉት ማስታወቂያ 6000 ባይት ያህል ብቻ ነው። የዚያው ወረቀት ፎቶግራፍ በተለምዶ ከዚህ ብዙ እጥፍ ይከብዳል። ለተደራሽነት የተሠራው ሥራ በዝግተኛ ኔትወርክ ለሚጠቀም ሰው ሁሉ ይተርፋል ማለት ነው።

ሌላው የቆየ ችግር የአጻጻፍ ሥርዓት ነው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት ያገለገሉ ፎንቶች የአማርኛን ቅርጽ በላቲን ፊደላት መለያ ቁጥር ላይ ያስቀምጡ ነበር። በዚህ መንገድ የተጻፈ ሰነድ ለዓይን አማርኛ ይመስላል፤ ለኮምፒውተሩ ግን ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደላት ክምር ነው። አንባቢው ፎንቱን በለወጠ ቅጽበት አማርኛው ይጠፋል። እንዲህ ያሉ ሰነዶችን ወደ ዩኒኮድ መመለስ የማንኛውም የእይታ ማስተካከያ ቅድመ ሁኔታ ነው።

የማስተካከያ ሰሌዳው ቦታ

ብራውዘሮችና ስልኮች ራሳቸው ብዙ ምርጫ ይሰጣሉ። አንባቢው በስልኩ ላይ ትልቅ ፊደል፣ ጥቁር መደብ፣ ከፍተኛ ንጽጽር ወይም የቀነሰ እንቅስቃሴ ከመረጠ ብራውዘሩ ይህን ምርጫ ለገጹ ማሳወቅ ይችላል። የሠሪው የመጀመሪያ ተግባር ይህን መልእክት መስማት ነው። ለምሳሌ በብዙ ብራውዘሮች የተለመደው የፊደል መጠን 16 ፒክሰል ነው። ሠሪው ርእሱን «32 ፒክሰል» ብሎ ከወሰነው አንባቢው በብራውዘሩ ቅንብር ውስጥ የመረጠውን የፊደል መጠን ገጹ ችላ ይለዋል፤ «የመነሻው 2 እጥፍ» ብሎ ከወሰነው ግን መነሻው 24 ሲሆን ርእሱ ወደ 48 ያድጋል፣ የገጹ ሚዛንም ይጠበቃል። በገጹ ላይ የሚቀመጥ የማጉያ ቁልፍም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው፤ አንዱን መነሻ ቁጥር ይለውጣል፣ ሌላው ሁሉ ተከትሎ ይለወጣል። መነሻ የሌለው ገጽ ላይ ቁልፉ የሚጨብጠው ነገር የለውም።

ታዲያ ሰሌዳው ለምን ያስፈልጋል? ብዙ አንባቢዎች ስልካቸው ውስጥ ያለውን ቅንብር አያውቁትም፤ ሌሎች ደግሞ በቤተ መጻሕፍት ወይም በኢንተርኔት ቤት ባለ የጋራ ኮምፒውተር ስለሚጠቀሙ ቅንብሩን መለወጥ አይችሉም። ለእነዚህ ሰዎች በገጹ ላይ በግልጽ የተቀመጠ ትንሽ ሰሌዳ እውነተኛ አገልግሎት ይሰጣል። መልካም ሰሌዳ ጥቂት ምርጫዎች ብቻ ይይዛል፦ የፊደል መጠን፣ የጽሑፍና የመደብ ቀለም፣ የመስመር ርቀት፣ እንቅስቃሴን ማቆም፣ ሁሉንም ወደ ነበረበት መመለስ። ስሙ በሥዕል ብቻ ሳይሆን በቃል፣ «የእይታ ማስተካከያ» ተብሎ ይጻፋል፤ የመጠን ምልክቱም ከላቲን ፊደል ይልቅ ትንሽና ትልቅ «ሀ» ቢሆን ይሻላል። ያለ ማውስ በኪቦርድ ብቻ ይደረስበታል። ቁልፎቹ ለጣት የሚመቹ ይሆናሉ፤ የ2.2 እትም ዝቅተኛው ልክ 24 በ24 ፒክሰል ነው። አንባቢው ወደ ሌላ ገጽ ሲሄድ ምርጫው በዚያው መሣሪያ ላይ ተቀምጦ ይከተለዋል፤ ለዚህም ስሙን ወይም ስልክ ቁጥሩን መጠየቅ አያስፈልግም።

በሰሌዳው ላይ ከመጠን በላይ መተማመን የሚያስከትለውን ነገር ከሌሎች አገሮች ልምድ መማር ይቻላል። በእስራኤል እ.ኤ.አ. በ2013 የወጡ ደንቦችና 5568 ቁጥር ያለው ብሔራዊ ደረጃ፣ የ2.0ን ደብል ኤ መስፈርቶች መሠረት በማድረግ፣ ለሕዝብ አገልግሎት የሚሰጡ ድረ ገጾችን ተደራሽ እንዲሆኑ ያስገድዳሉ። በዚያ የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች በብዙ ገጾች ጥግ ላይ የተደራሽነት ምልክት ያለበትን ቁልፍ ያውቁታል። ደረጃው የሚጠይቀው ግን የገጹን ውስጣዊ አሠራር ነው፤ ቁልፉ ብቻውን ግዴታውን አይፈጽምም። በዩናይትድ ስቴትስም የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 አክሰሲቢ የተባለው ድርጅት 1 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል የሚያደርግ ትእዛዝ ማቅረቡን አስታውቋል። ክሱ ድርጅቱ በአንድ ተጨማሪ መሣሪያ ማንኛውንም ድረ ገጽ ከመመሪያው ጋር ማስማማት እችላለሁ ማለቱ አሳሳች ነው የሚል ነበር። ከላይ የሚለጠፍ መሣሪያ ሥዕልን ወደ ጽሑፍ፣ የተዘበራረቀ አወቃቀርን ወደ ሥርዓት በአስተማማኝ ሁኔታ ሊለውጥ አይችልም።

የሕግ መሠረት

የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀ ሲሆን ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ተቀብላዋለች። አንቀጽ 9 ኢንተርኔትን ጨምሮ የመረጃና የመገናኛ ቴክኖሎጂዎች ለአካል ጉዳተኞች ተደራሽ እንዲሆኑ ይጠይቃል። አንቀጽ 21 ደግሞ ለሕዝብ የሚወጣ መረጃ ተደራሽ በሆነ መልክ፣ በወቅቱና ያለ ተጨማሪ ወጪ እንዲቀርብ ያዛል። «በወቅቱ» የሚለው ቃል በመግቢያው ለተጠቀሰው ተማሪ ልዩ ክብደት አለው፤ የምዝገባ ቀን ካለፈ በኋላ የተነበበ ማስታወቂያ ከመረጃነት ወርዷል። ስለዚህ የገጽ መስተካከል መቻል የቸርነት ጉዳይ ተደርጎ ሊታይ አይገባውም።

አንድን ገጽ በጥቂት ደቂቃ መፈተሽ

ማንኛውም ተቋም ያለ ልዩ መሣሪያ ገጹን መመርመር ይችላል። መጀመሪያ በኮምፒውተር ላይ ገጹን ወደ 200፣ ከዚያም ወደ 400 በመቶ ያጉሉት፤ ወደ ጎን መጎተት አስፈልጎ እንደሆነ፣ የተቆረጠ ወይም የተደራረበ ጽሑፍ እንዳለ ይመልከቱ። በሁለተኛ ደረጃ በስልክ ላይ በሁለት ጣት ማጉላት ይሠራ እንደሆነ ይሞክሩ። ሦስተኛ፣ ከማስታወቂያው አንድ መስመር በመምረጥ ይቅዱና በሌላ ቦታ ይለጥፉት፤ ሊመረጥ ካልቻለ ሥዕል ነው፣ ተለጥፎ የላቲን ፊደላት ክምር ከሆነ ደግሞ በዩኒኮድ አልተጻፈም። አራተኛ፣ ማውስን ትተው በኪቦርድ ብቻ እስከ ገጹ መጨረሻ ይሂዱ። አምስተኛ፣ ስልኩን ይዘው ፀሐይ ላይ ይውጡና ያንብቡ። ስድስተኛ፣ የገጹ የቋንቋ መለያ አማርኛ መባሉን ሠሪውን ይጠይቁ፤ ከተገለበጠው ቅጽ የቀረ የእንግሊዝኛ መለያ ካለ ስክሪን ሪደር አማርኛውን በእንግሊዝኛ ድምፅ ለማንበብ ይሞክራል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ዝቅተኛ እይታ ያላቸው ተጠቃሚዎች ገጹን ሲጠቀሙ አብሮ ተቀምጦ ማየት ቁጥሮች የማይነግሩትን ያሳያል።

ማጠቃለያ

የእይታና የጽሑፍ ምርጫ ሦስት ተከታታይ እርከኖች አሉት። የመጀመሪያው ጽሑፍን በዩኒኮድ የተጻፈ ጽሑፍ አድርጎ ማቅረብ፣ ሁለተኛው አንባቢው በራሱ መሣሪያ ያደረገውን ምርጫ ገጹ እንዲያከብር ማድረግ፣ ሦስተኛው ይህን ምርጫ ለማያውቁት ወይም ለማይችሉት በአማርኛ የተዘጋጀ ትንሽ ሰሌዳ መጨመር ነው። ከሦስተኛው የጀመረ ተቋም ገንዘብ ያወጣል፤ አንባቢውን ግን አይደርስበትም። ከመጀመሪያው የጀመረ ግን ብዙ ወጪ ሳያወጣ በሚቀጥለው ማስታወቂያው ላይ ለውጡን ያያል። የግዕዝ ፊደል ምን ያህል መጠንና ርቀት ለየትኛው አንባቢ እንደሚስማማ በመለካት ማወቅ ደግሞ ለኮምፒውተር ሳይንስ፣ ለቋንቋና ለዓይን ሕክምና ክፍሎች ተመራማሪዎች በጋራ ሊሠራ የሚገባው ሥራ ነው። እስከዚያው ድረስ ቁጥሩን ሠሪው አስቀድሞ ሊወስንለት ስለማይችል፣ ምርጫው በአንባቢው እጅ ይሁን።